ዋጋው የሚታየው ከመውጫው ነው

ዋጋቸው ዜሮ ከሆነ ዕቃዎች መካከል አንዱን የሚመርጥ ሰው በምን መለኪያ ይመርጣል? ገበያ ወጥተን ስንገዛ የመጀመሪያውን ማጣራት የሚሠራልን ዋጋው ነው፤ የተወደደው ለምን እንደ ተወደደ፣ የረከሰው ምን እንደ ጎደለው እንጠይቃለን። ዋጋው ሲጠፋ ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል። ኮምፒውተራችን ላይ የምንጭነው ብራውዘር እንዲህ ካሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭ፣ ቪቫልዲ፣ ሁሉም ያለ ክፍያ ይወርዳሉ። ስለዚህ አብዛኛው ሰው አይመርጥም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያገኘውን ይከፍታል፣ ወይም ባለሙያው የጫነለትን ይቀበላል።

ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ይህን ጉዳይ ከሥሩ መመርመር ይገባል የምለው ብራውዘር እንደ ሌላው ፕሮግራም ተራ መገልገያ ስላልሆነ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ሆለታን እንውሰድ። ከተማዋ በግብርና ምርምር ማዕከሏ፣ በጦር ትምህርት ቤቷና በአበባ እርሻዎቿ ትታወቃለች። የምርምር ማዕከሉ ባለሙያ ቢሮው ውስጥ የራሱ ኮምፒውተር ይኖረዋል። የአበባ እርሻ ሠራተኛዋ ግን፣ ከገጠር የመጣው ተማሪና ጡረታ የወጡት ወታደር ጉዳያቸውን የሚፈጽሙት ፎቶ ኮፒ፣ ኅትመትና ኢንተርኔት አንድ ላይ በሚሰጥ ኮምፒውተር ቤት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ማየት፣ ፓስፖርት ማመልከት፣ ዲቪ መሙላት፣ የሥራ ማስታወቂያ መፈለግ፣ ኢሜይል ማስከፈት፣ ይህ ሁሉ በብራውዘር ያልፋል። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታም ሁኔታው ከዚህ አይለይም። የአንድ ሰው የወደፊት ዕድል በዚህች መስኮት በኩል የሚያልፍ ከሆነ መስኮቷን ማን እንደ መረጠለትና በምን እንደ መረጠለት መጠየቅ ቅንጦት አይሆንም።

የዚህ ሐተታ መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፤ የነጻ ዕቃ ዋጋ የሚታየው ሲገቡበት ሳይሆን ሊወጡበት ሲሉ ነው። መግቢያው ላይ ሁሉም እኩል ናቸው። ልዩነታቸው የሚገለጠው ትቼ ልሂድ ባልን ቀን ምን ይዘን እንደምንወጣ፣ ምን ጥለን እንደምንወጣ ስናይ ነው። ሐሳቡ እውነት መሆኑን ለመፈተን ግን በቅድሚያ ዜሮው ዋጋ ከየት እንደ መጣ ማወቅ አለብን።

የመጀመሪያው ብራውዘር የተሠራው ለሽያጭ አልነበረም። ቲም በርነርስ ሊ ጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1990 ሠራው፤ ተቋሙም ኤፕሪል 30 ቀን 1993 የድር ቴክኖሎጂውን ማንም ያለ ክፍያ እንዲጠቀምበት ለሕዝብ ለቀቀው። ይህ ስጦታ ነበር። ንግድ የገባው ቀጥሎ ነው። ኔትስኬፕ በ1994 ያወጣውን ብራውዘር ለድርጅቶች ይሸጥ ጀመር። ማይክሮሶፍት በ1995 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን አወጣ፤ በነጻ ከመስጠቱም በላይ ከዊንዶውስ ጋር አያይዞ አቀረበው። ኔትስኬፕ ከነጻ ዕቃ ጋር ተወዳድሮ መሸጥ አልቻለም። የአሜሪካ መንግሥት በ1998 ማይክሮሶፍትን ከሰሰ፤ የይግባኙ ፍርድ ቤት በ2001 ኩባንያው ለሁለት ይከፈል የሚለውን ትእዛዝ ቢሽርም የሞኖፖል ሥልጣኑን በሕገ ወጥ መንገድ ተጠቅሟል የሚለውን ዋና ፍርድ አጸና። እዚህ ላይ ዜሮው ዋጋ ተፎካካሪን ማጥፊያ ሆኖ ነበር።

ኔትስኬፕ ሊወድቅ ሲል በ1998 የብራውዘሩን ምንጭ ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ከዚያ ሞዚላ ተወለደ፤ ፋየርፎክስ 1.0 በኖቬምበር 2004 ወጣ። የኖርዌዩ ኦፔራ እስከ 2005 ድረስ ወይ ይከፈልበት ወይ ማስታወቂያ ይታይበት ነበር፤ ከዚያ በኋላ እሱም ነጻ ሆነ። ጉግል በሴፕቴምበር 2008 ክሮምን ሲያወጣ ዓላማው ከብራውዘሩ ገንዘብ ማግኘት አልነበረም፤ ሰዎች ወደ ፍለጋውና ወደ ማስታወቂያው የሚሄዱበትን መንገድ በእጁ ማድረግ ነበር። እንግዲህ ዜሮ ዋጋ አንድ ጊዜ ስጦታ፣ አንድ ጊዜ መሣሪያ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሌላ ንግድ መንገድ ጠራጊ ሆኗል። ዋጋው ዜሮ መሆኑ ብቻውን ስለ ሰጪው ሐሳብ ምንም አይነግረንም።

ታዲያ «ማን እየከፈለ ነው?» ብለን ብንጠይቅስ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግን እንደሚጠበቀው አያበጥርም። በጉግል ላይ በተካሄደው የሞኖፖል ክርክር እንደ ተገለጠው ኩባንያው የፍለጋ አገልግሎቱ በሌሎች ስልኮችና ብራውዘሮች ላይ ቀድሞ እንዲቀመጥ በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ዳኛ አሚት ሜህታ በኦገስት 2024 ጉግል በፍለጋ ገበያ ሕገ ወጥ ሞኖፖል ይዟል ብለው ፈረዱ፤ በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ክሮም ይሸጥ የሚለውን ጥያቄ ሳይቀበሉ ብቸኝነትን የሚያስገድዱ ውሎችን ከለከሉ። ከዚህ ክፍያ ከሚኖሩት አንዱ የጉግል ተፎካካሪ ነው የሚባለው ሞዚላ ነው፤ ገቢው በአብዛኛው ከዚያው ይመጣል። ስለዚህ የገንዘቡን ምንጭ ብቻ ተከትሎ ንጹሑን ከንጹሕ ያልሆነው ልለይ የሚል ሰው ሁሉንም ወደ አንድ ማዕድ ሲቀርቡ ያገኛቸዋል። ሌላ መለኪያ ያስፈልገናል፤ እሱም መውጫው ነው።

ይህን መለኪያ ኢትዮጵያውያን በራሳችን ፊደል ላይ ከፍለን ተምረነዋል። የግዕዝ ፊደል ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የጋራ ደንብ አልነበረም። እያንዳንዱ የፊደል ሶፍትዌር ሠሪ «ሀ»ን፣ «ለ»ን፣ «መ»ን ለላቲን ፊደላትና ለምልክቶች በተመደበው ቦታ ላይ በራሱ አቀማመጥ ደረደራቸው። ሥራው ትልቅ ውለታ ነው፤ ያለ እነዚህ ሰዎች ድካም መሥሪያ ቤቶቻችን በአማርኛ ሊጽፉ አይችሉም ነበር። ግን ጽሑፉ የሚነበበው ያው ፎንት በተጫነበት ኮምፒውተር ብቻ ሆነ። ሌላ ቦታ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይወጣል። ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 እትሙ የኢትዮጵያን ፊደል ካካተተ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል በየትኛውም ማሽን ላይ አንድ ቁጥር አገኘ። ዛሬ ይህን ጽሑፍ በየትኛውም ብራውዘር ማንበብ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በዱሮዎቹ ፎንቶች የተጻፉ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የመጻሕፍት ረቂቆች ግን ዛሬም በየፍላሹና በየአሮጌው ሃርድ ዲስክ መለወጫ ፍለጋ ተቀምጠዋል። ሲጻፉ ማንም የመውጫ ዋጋ አልጠየቀም፤ ዋጋው የመጣው ኋላ፣ ሊወጡ ሲባል ነው።

ይህን ይዘን ወደ ብራውዘሩ እንመለስ። መውጫው አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው መውጫ ከወንበሩ መነሣት ነው። ዲቪ ሲከፈት የሆለታ ኮምፒውተር ቤቶች ይሞላሉ። ቅጹ በ60 ደቂቃ ውስጥ ተሞልቶ ካልተላከ የገባው ሁሉ ይጠፋል፤ መሃል ላይ አስቀምጦ ነገ መቀጠል የለም። ስለዚህ ቅጹን የሚሞላው የኮምፒውተር ቤቱ ጸሐፊ ይቸኩላል፣ ከኋላ የቆሙትም ይቸኩላሉ። «እህቴ፣ ኢሜይልሽን ንገሪኝ» ይላል። እሷ መናገር ስትጀምር እሱ የመጀመሪያዋን ፊደል ይነካል። ከሳጥኑ ሥር ዝርዝር ይዘረገፋል፤ ትናንትና ከትናንት ወዲያ እዚያው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ኢሜይል፣ ስልክ ቁጥር፣ ሙሉ ስም። ከመካከላቸው የሰፈሯ ልጅ ስም አለ። ከዚያ ኢሜይሏን ይከፍትላታል፤ በስክሪኑ ጥግ ላይ ብራውዘሩ የይለፍ ቃሉ ይቀመጥ እንደሆነ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን ያወጣል። ጸሐፊው ሳጥኑ መንገድ ስለዘጋበት «አዎ» የሚለውን ይጫናል። ከፍላ ትወጣለች። የይለፍ ቃሏ ግን አልወጣም።

እዚህ ውስጥ ክፉ ሰው የለም። ጸሐፊው ሊሰርቅ አላሰበም፣ የብራውዘሩም ሠሪ ስለ ሆለታ አላሰበም። ችግሩ ያለው ከዕቃው በታች ባለው ግምት ላይ ነው። ሠሪዎቹ አንድ ኮምፒውተር ለአንድ ባለቤት ነው ብለው ይነሣሉ፤ ለባለቤቱ ማስታወስ አገልግሎት ነው። አንድ ወንበር ላይ በቀን ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ቤት ግን ያው አገልግሎት የሌላውን ሰው ምስጢር ማከማቸት ይሆናል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኮምፒውተር ቤቱ ሳያስበውና ሳይወስን የሰዎች የግል መረጃ መዝገብ ያዥ ሆኗል።

በዚህ መውጫ ስንፈትናቸው ብራውዘሮቹ ይለያያሉ። ፋየርፎክስ በተዘጋ ቁጥር ታሪኩን፣ ኩኪዎቹንና በቅጽ ላይ የተሞላውን ሁሉ እንዲያጠፋ፣ የይለፍ ቃል ይቀመጥ ብሎም ፈጽሞ እንዳይጠይቅ አንድ ጊዜ ማስተካከል ይበቃል። ኤጅም ሲዘጋ የሚያጠፋበት ማስተካከያ አለው። ክሮም የእንግዳ ሁኔታ አለው፤ መስኮቱ ሲዘጋ የእንግዳው ነገር ሁሉ ይጠፋል፤ ነገር ግን ጸሐፊው አስታውሶ መክፈት አለበት። ኢንኮግኒቶ የሚባለውም የሚያጠፋው ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፤ የተጎበኘው ድረ ገጽና የኢንተርኔት አቅራቢው ማየታቸውን አይከለክልም። ጉግል በዚሁ ጉዳይ በ2020 ተከሶ በ2024 በስምምነት ሲጨርስ በቢሊዮን የሚቆጠሩ መረጃዎችን ሊያጠፋ መስማማቱ ይህን ልዩነት ለዓለም አሳይቷል።

ሁለተኛው መውጫ ከፕሮግራሙ መውጣት ነው። የራሱ ላፕቶፕ ያለው ሰው ብራውዘር ለመቀየር ሲያስብ የሚይዘው ያጠራቀመው ነገር ነው፤ ዕልባቶቹ፣ የይለፍ ቃሎቹ፣ ልማዱ። ደስ የሚለው ዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ሁሉ ዕልባቶቹንና የይለፍ ቃሎቹን ወደ ፋይል አውጥቶ ወደ ሌላው ለማስገባት ይፈቅዳሉ። የሚያጠብቀው ገመድ ሌላ ነው፤ መለያው። ክሮም በሴፕቴምበር 2018 ባወጣው 69ኛ እትሙ ጂሜይል የከፈተን ሰው ሳይጠይቅ ብራውዘሩ ውስጥም እንዲገባ አደረገ፤ ተቃውሞ ሲበዛ በሚቀጥለው እትም ማጥፊያ ጨመረበት። ጥያቄው ለተጠቃሚው ግልጽ ነው፤ ይህ ፕሮግራም ከመለያዬ ተለይቶ ይሠራልኛል ወይስ ሁለቱ አንድ ሆነዋል?

በዚህ ሁለተኛ መውጫ ላይ ሌላም ገጽታ አለ። አንዳንድ ጊዜ የሚወጣው ተጠቃሚው አይደለም፤ ትቶ የሚሄደው ኩባንያው ነው። ክሮም በ2023 መጀመሪያ ላይ ለዊንዶውስ 7 ድጋፉን አቆመ፤ 109ኛው እትም የመጨረሻው ሆነ። ፋየርፎክስ ግን 115 በተባለው የረጅም ጊዜ እትሙ ለእነዚያ አሮጌ ማሽኖች የደኅንነት ማስተካከያ ለዓመታት መላኩን ቀጠለ። ዊንዶውስ 10ም ራሱ ከኦክቶበር 14 ቀን 2025 ጀምሮ መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። አዲስ ኮምፒውተር በየጊዜው በማይገዛባቸው ከተሞች ያገለገሉ ማሽኖች ለረጅም ዓመታት ይሠራሉ። ያልዘመነ ብራውዘር ይዞ የባንክ ገጽ የሚከፍት ሰው በሩ የተሰበረ ቤት ውስጥ ገንዘብ እንደሚቆጥር ሰው ነው። አሮጌውን ማሽን ማን ቀድሞ ይተዋል፣ ማንስ ቆይቶ ይተዋል የሚለው ስለዚህ ከፍጥነትና ከመልክ በፊት መታየት ያለበት ነገር ነው።

ሦስተኛው መውጫ የግለሰቡ ሳይሆን የሁላችን ነው። ከብራውዘሩ መልክ በስተጀርባ ገጹን አንብቦ የሚስል ሞተር አለ። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ሦስት ናቸው፤ የጉግል ብሊንክ፣ የአፕል ዌብኪትና የሞዚላ ጌኮ። ክሮም፣ ኤጅ፣ ኦፔራ፣ ብሬቭና ቪቫልዲ ሁሉም በብሊንክ ይሠራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሰው ሠፈር ቀየርኩ ይላል እንጂ ከአንድ አስተዳደር አልወጣም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ገበያውን ጠቅልሎ በያዘ ጊዜ ብዙ ድረ ገጾች ለእሱ ብቻ ተሠሩ፤ በሌላ የከፈተ ሰው ጠፍ ገጽ ያይ ነበር። ሞተሩ አንድ ሲሆን ደንቡ በጋራ ጉባኤ መወሰኑ ይቀርና የአንድ ኩባንያ ልማድ ደንብ ይሆናል።

አንድ አቅራቢ ብቻ መኖሩ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ስልክ በምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የቴሌኮም አገልግሎት ከመቶ ዓመት በላይ በመንግሥት እጅ ብቻ ቆይቶ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ንግዱን በይፋ የጀመረው በኦክቶበር 2022 ነው። ሁለተኛ መምጣቱ ጥቅም የሰጠው ወደ አዲሱ ለሄዱት ብቻ አይደለም፤ በነበሩበት ለቀሩትም ጭምር ነው፤ መሄድ እንደሚችል የሚታወቅ ደንበኛ ይደመጣል። በብራውዘርም ይኸው ነው። ፋየርፎክስን የማይጠቀም ሰው እንኳ ፋየርፎክስ በመኖሩ ይጠቀማል።

የክፍት ምንጭ ትርጉምም የሚገባን ከዚህ ነው። ብዙ ሰው «እኔ ኮድ አላነብ፣ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ጥቅሙ ማንበቡ ላይ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ መንገድ ሲስት ሥራውን ይዞ መውጣት የሚችል ሌላ ሰው መኖሩ ላይ ነው። የዛሬው ብሊንክ ራሱ የዚህ ልጅ ነው። ኬዲኢ በተባለው የክፍት ምንጭ ማኅበረሰብ የተሠራን ሞተር አፕል ወስዶ ዌብኪትን ሠራበት፤ ጉግልም በ2013 ከዌብኪት ተገንጥሎ ብሊንክን አቆመ። ኔትስኬፕ ኩባንያ ሆኖ ቢሞትም ኮዱ ክፍት ስለነበር ዘሩ አልጠፋም። ፋየርፎክስና ብሬቭ ምንጫቸው ክፍት ነው፤ ክሮም ክሮሚየም በተባለው ክፍት ሥራ ላይ የራሱን ዝግ ክፍሎች ይጨምራል፤ ኤጅና ኦፔራ እንደ ምርት ዝግ ናቸው።

አሁን ተቃውሞዎቹን እንስማ። የመጀመሪያው ከኪስ የሚነሣ ነው፦ «ስለ መውጫ የምታወራው ጠግበህ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ የገዛሁት ጥቅል ሳያልቅ ጉዳዬን መጨረሴ ነው።» ይህ ተቃውሞ ትልቅ ነው፤ መልሱም ሐሳቡን ያጠናክረዋል። በሜጋባይት ለሚገዛ ሰው ማስታወቂያ ነጻ አይደለም። በገጹ ጥግ የሚነሣው ቪዲዮ፣ የሚከታተለው ስውር ኮድ፣ የሚንቀሳቀሰው ሥዕል ሁሉ የሚጓዘው በአንባቢው ገንዘብ ነው። ማስታወቂያውን ያስነገረው ድርጅት ለድረ ገጹ ይከፍላል፤ የጭነቱን ሒሳብ ግን የሆለታው ልጅ ይከፍላል። ዩብሎክ ኦሪጅን የተባለው ማስታወቂያ ከልካይ በፋየርፎክስ ላይ ሙሉ ሆኖ ይሠራል። ክሮም ግን የተቀጥላዎቹን (ኤክስቴንሽኖቹን) ደንብ ለውጦ በ2024 እና በ2025 ይህን መሣሪያ ከሥራ አስወጥቷል፤ የቀረው አቅሙ የተቀነሰ ምትክ ነው። ከማስታወቂያ የሚኖር ኩባንያ የሠራው ብራውዘር ማስታወቂያ የመከልከልን መብት ሲያጠብ ዋጋው ከየት እንደሚወጣ ታየ።

ሌላም ቆጣቢ መንገድ አለ። ኦፔራ ሚኒ በስልክ ላይ በአፍሪካ ሁሉ የተወደደው ገጾችን በኦፔራ ሰርቨሮች በኩል አሳልፎና ጨምቆ ስለሚያመጣ ነው። ቁጠባው እውነተኛ ነው። ነገር ግን ገጹን የሚጨምቅ ሰርቨር ገጹን ያነባል፤ በከፍተኛው የቁጠባ ሁኔታ የተቆለፈው ገጽ እንኳ የሚፈታው በመንገድ ላይ ነው። ዜና ለማንበብ ይህ ጥሩ ውል ነው፤ ባንክ ለመክፈት መጥፎ ውል ነው። ድሃ ሰው ምስጢሩን ለመጠበቅ ከባለጸጋ ያነሰ መብት የለውም። ስለዚህ ቆጣቢውን መጠቀም ይገባል፤ የት ላይ እንደሚተውት እያወቁ ግን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ክሮም ጥሩ ነው የሚል ነው። እውነት ነው። ፈጣን ነው፣ ቀዳዳ ሲገኝበት ቶሎ ይደፈናል፣ በአማርኛ መልክ ይቀርባል፣ ከ2016 ጀምሮ አማርኛን ከሚያውቀው የጉግል ትርጉምም ጋር በቀላሉ ይሠራል። ፋየርፎክስ ደግሞ እንከን አለው። አንዳንድ ቅጾች በእሱ ሲከፈቱ ያስቸግራሉ፣ ኅልውናውም በተፎካካሪው ክፍያ ላይ የቆመ ነው። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ነገር ግን የአንድ ዕቃ ጥሩነትና የመውጫው መከፈት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥሩ ዕቃ ጥሩ ሆኖ የሚቀረው ሠሪው ተጠቃሚው ሊሄድበት እንደሚችል እስካወቀ ድረስ ነው። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርም በዘመኑ ጥሩ ነበር፤ ተፎካካሪው ሲጠፋ ግን ከ2001 እስከ 2006 ድረስ አዲስ ዋና እትም ሳይወጣለት ቆሞ ቀረ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፦ «ይህን ሁሉ የሚመረምር ማን ነው? ሰው ጊዜ የለውም።» ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ሐሳቦች አንዱ ሰዎች የተቀበሉትን ሳይመረምሩ የሚይዙት ምርመራ አድካሚ ስለሆነ ነው የሚል ነው። የደራሲው ማንነት ምሁራንን ዛሬም ያከራክራል፤ ሐሳቡ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ይሠራል። ቀድሞ የተቀመጠ ምርጫ ኃይሉ ከሰው ድካም ነው፤ 26.3 ቢሊዮን ዶላሩም የተከፈለው ሰው የተቀመጠለትን እንደማይቀይር ስለሚታወቅ ነው። ሁሉም ሰው ይመርምር ማለት ግን መፍትሔ አይሆንም፤ የአበባ እርሻ ሠራተኛዋ ስድስት ቀን ሠርታ በሰባተኛው ቀን ስለ ብሊንክ አታጠናም፣ አይገባትምም። መመርመር ያለበት ለሌሎች የሚጭነው ሰው ነው። ለሌላው መምረጥ በየሙያው ያለ ነገር ነው፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ነው። ለሌላው የመረጠ ሰው ምርጫውን ያ ሌላ ሰው ሊሽረው በሚችልበት መንገድ መምረጥ አለበት። መውጫ የሌለው ምርጫ ለሌላ ሰው መምረጥ በእሱ ላይ መወሰን ነው።

የዚህን ሐሳብ ወሰንም መናገር ይገባል። ብራውዘር የሚሰጠው መውጫ ከኮምፒውተሩ እስከ መስመሩ ድረስ ብቻ ነው። መንግሥት በጁን 2018 ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾች መከፈታቸውን ሲያስታውቅ የተከፈቱት በብራውዘር ምርጫ አልነበረም፤ በጁን 30 ቀን 2020 ኢንተርኔት በአገሪቱ ሲቋረጥም የትኛውም ብራውዘር ለሳምንታት አልረዳም። መስመሩ ሲዘጋ ጥያቄው የሕግና የፖለቲካ ይሆናል። ሆኖም ትልቁ በር በእጃችን ስላልሆነ ትንሹን በር አንጠብቅ ማለት ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል እንደሚባለው፣ ብዙ ሰው በሚቀመጥበት ኮምፒውተር ላይ ሞተራቸው የተለያየ ሁለት ብራውዘሮች ይጫኑ። ዋናው ፋየርፎክስ ይሁን፤ ሲዘጋ ሁሉን እንዲያጠፋ፣ የይለፍ ቃል እንዳያስቀምጥ ተደርጎ፣ ማስታወቂያ ከልካይ ተጨምሮበት። እሱ እንቢ ላለው ቅጽ ክሮም ወይም ኤጅ በእንግዳ መስኮት ይከፈት። ማዘመኛው ጥቅል እንዳይጨርስ ሙሉው የመጫኛ ፋይል ከሠሪው ከራሱ ድረ ገጽ አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ለሌሎቹ ማሽኖች ይዳረስ፤ ከየት እንደ መጣ ከማይታወቅ ፍላሽ ግን አይጫን። የራሱ ላፕቶፕ ያለው ሰው የወደደውን ይያዝ፤ በጫነ ዕለት ግን ዕልባቱንና የይለፍ ቃሉን አውጥቶ ወደ ሌላ ብራውዘር ማስገባት እንደሚችል ይሞክር፤ የወጣውን ፋይልም ወዲያው ያጥፋ።

ለሕዝብ አገልግሎት ድረ ገጽ የምትሠሩ ባለሙያዎች ደግሞ፣ የፈተና ውጤትም ይሁን የፓስፖርት ማመልከቻ ወይም የባንክ ገጽ፣ ሥራችሁን ቢያንስ በሁለት ሞተሮች ላይ ሳትፈትኑ አታስረክቡ። አንድ ብራውዘር ብቻ የሚቀበል የመንግሥት ገጽ ዜጋን በአንድ ኩባንያ በር ብቻ እንዲገባ ያስገድዳል፤ ይህን ለማዘዝ ሥልጣን የተሰጠው ሰው የለም።

ኮምፒውተር ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ማታ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። በየኮምፒውተሩ የብራውዘሩን ማስተካከያ ክፈቱ፣ የተቀመጡትን የይለፍ ቃሎች ተመልከቱ፣ የእናንተ ያልሆነውን ሁሉ አጥፉ።